መኪና ቆማ እያለች ባትሪ የሚበላው ምንድን ነው? ባትሪ ቀይሬም አልተፈታም

ቀይ_ገመድ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት። መኪናዬን ዓርብ ማታ አቁሜያት ሰኞ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር አትነሳም። ቀጭ ቀጭ ትላለች፣ የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል፣ በቃ። ከሌላ መኪና በኬብል ሳስነሳት ወዲያው ትነሳለች፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ እስከነዳኋት ድረስ ሳምንቱን ሙሉ ምንም የለባትም። አንድ ሌሊት ብቻ ካደረችም ትነሳለች። ሁለት ሦስት ሌሊት ስትቆም ነው ጣጣው።

ጋራዥ ወስጃት "ባትሪው አርጅቷል" ተባልኩና አዲስ ባለ 60 አምፒር ሰዓት ባትሪ ገዛሁ። ትንሽ ሰነበተና ያው ሆነ። መብራት ረስቼ አይደለም፣ በሮቹ በደንብ ይዘጋሉ፣ ቁልፉንም አውልቄ ነው የምሄደው። ከፋብሪካ ውጪ የተገጠመባት ነገር ቴፑ ብቻ ነው። ቴስተር አለኝ፣ ቮልት መለካት እችላለሁ። አምፒር ግን ለክቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር? ሌላ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት የሚበላው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው የምፈልገው።

መንገደኛ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ የዕቃ መጫኛውን መብራት እዪ። ክዳኑ ሲዘጋ ይጥፋ አይጥፋ ማንም አያይም። ስልክሽን ቪዲዮ ላይ አድርገሽ ውስጥ አስቀምጪና ዝጊው፣ ትንሽ ቆይተሽ አውጥተሽ እዪው። የዳሽቦርዱ ሳጥን ውስጥ ያለውንም እንደዚሁ። ባለ 5 ዋት አምፖል ትንሽ ይመስላል እንጂ 0.4 አምፒር ይጠጣል፣ በቀን ወደ 10 አምፒር ሰዓት ማለት ነው። ያንቺ ባትሪ እንዲህ እየተጠጣ ሳምንት አይሞላም።

ባለ_ማጥፊያ፦

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ኔጌቲቩ ላይ የባትሪ ማጥፊያ አስገጥሚና ስታቆሚ አጥፊው፣ ተገላገልሽ። እኔ እንደዛ ነው የማደርገው፣ መኪናዬ ወር ቆማም ትነሳለች።

ቴስተር_በእጄ፦

ማጥፊያው ለረጅም ጊዜ ለምትቆም መኪና ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። እዚህ ግን ችግሩን ሸፍኖ ማለፍ ነው የሚሆነው። የሚበላው ነገር የተላጠ ሽቦ ወይም ተጣብቆ የቀረ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ቢሆንስ? ስትነዳም አብሯት አለ፣ ሙቀትም ያመጣል። ደግሞ በየቀኑ ባትሪ ማቋረጥ ሰዓቱን ያጠፋል፣ አንዳንድ ቴፕ ኮድ ይጠይቃል፣ መስኮቶቹም በአንድ ንክኪ መዘጋታቸውን ይረሳሉ። በየቀኑ ለምትነዳ መኪና መፍትሔ ነው ብዬ አልቀበለውም።

እህቴ፣ በቅደም ተከተል እንሂድ። የመጀመሪያው ጥያቄ ባትሪው ራሱ ነው ወይስ መኪናዋ ናት የሚለው ነው። አዲስ ባትሪም ይበላሻል፣ በተለይ ደጋግሞ ባዶ ከሆነ። ስለዚህ በቻርጀር ሙሉ አድርጊው። ነድቼ እሞላዋለሁ አትበዪ፣ ዲናሞ (ሞተር ሲሠራ ባትሪ የሚሞላው) የወረደ ባትሪን በአጭር መንገድ አይሞላም። ከሞላ በኋላ ቻርጀሩን ንቀዪና ለጥቂት ሰዓታት ይረፍ። ወዲያው ከለካሽው ከእውነቱ ከፍ ብሎ ያታልልሻል። አርፎ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ካለ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ከደረሰ ሩብ ያህል ነው የቀረው።

ከዚያ የኔጌቲቩን ገመድ ንቀዪና ባትሪውን ለብቻው አሳድሪው። ጠዋት ለኪ። በማግስቱ ገመዱን መልሰሽ እሰሪና መኪናዋን ሳትነኪ አሳድሪያት፣ ጠዋት እንደገና ለኪ። ለብቻው ሆኖ ከወረደ ባትሪው ነው። ታስሮ ሲያድር ብቻ ከወረደ መኪናዋ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ እግረ መንገድሽን እዪ። የባትሪው ላይኛው ገጽ በአቧራና በአሲድ ቆሽሾ ከሆነ እዚያው ቆሻሻው ላይ ኤሌክትሪክ ይፈሳል። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ኔጌቲቩ ላይ ያዢ፣ ቀዩን ጫፍ ፕላስቲኩ ክዳን ላይ አሳርፊና ቀስ ብለሽ ጎትቺው። ቮልት ካነበበ ቆሻሻው እያስተላለፈ ነው ማለት ነው። ውሃ በትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠሽ በጨርቅ ጥረጊው፣ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቂ።

ቀይ_ገመድ፦

መንገደኛ፣ ቪዲዮውን አየሁት። ክዳኑ ሊገጥም ሲል መብራቱ ይጠፋል፣ ከዚያ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የዳሽቦርዱ ሳጥንም ደህና ነው። አመሰግናለሁ።

የባትሪው ውጤት ይኸው። ሞልቶ ካረፈ በኋላ 12.66። ለብቻው አድሮ 12.65። ታስሮ አድሮ 12.49። ላዩ ንጹሕ ነው፣ ቴስተሩ ምንም አላነበበም።

ቴስተር_በእጄ፦

ጎበዝ። ባትሪው ነፃ ወጥቷል፣ መኪናዋ ናት። በአንድ ሌሊት ይህን ያህል መውረዱ ትንሽ ፍሰት አይደለም።

አሁን አምፒር እንለካለን። አምፒር ስትለኪ ቴስተሩ ራሱ የመንገዱ አካል ይሆናል፣ ኤሌክትሪኩ በሙሉ በሆዱ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ተገናኝቶ እያለ ሞተር አታስነሺ፣ ቁልፍ አትክፈቺ፣ የፊት መብራት አታብሪ። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከመቶ አምፒር በላይ ነው የሚስበው፣ የቴስተሩ ፊውዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 10 አምፒር ነው።

መጀመሪያ መኪናዋን አዘጋጂያት። የውስጡ ፊውዝ ሳጥን ጋ ለመድረስ በር ክፍት መሆን አለበት፣ በር ክፍት ሲሆን ደግሞ መኪናዋ አትተኛም። የበሩ ጠርዝ ላይ ያለውን መቆለፊያ እዪው፣ በሩ ሲዘጋ የምትዞር ትንሽ ብረት አለች። በካቻቢቴ ገፋ አድርጊያት፣ ሁለት ጊዜ ቀጭ ብላ ትዘጋለች። መኪናዋ በሩ የተዘጋ ይመስላታል፣ የውስጡም መብራት ይጠፋል። ኮፈኑም የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ካለው እንደዛው አድርጊ። ስትጨርሺ የበሩን እጀታ ስበሽ ብረቷን መልሻት፣ ሳትመልሺ በሩን ከዘጋሽው ይጋጭና መቆለፊያው ይጎዳል። ቁልፍሽ በኪስ ሆኖ በር የሚከፍት ዓይነት ከሆነ ከመኪናዋ በጣም አርቀሽ አስቀምጪው።

ቴስተሩ ላይ ቀዩን ገመድ 10 አምፒር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ክተቺ። አሁን ዋናው ነገር፦ ኔጌቲቩን ዝም ብለሽ ነቅለሽ ቴስተር አታስገቢ። ገመዱ ገና እንደታሰረ ጥቁሩን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ቀዩን ገመዱ ላይ በክሊፕ አጥብቂ። ከዚያ ገመዱን ፈትተሽ ከባትሪው ራስ ላይ ቀስ አድርገሽ አንሺው። ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ በቴስተሩ በኩል ማለፍ ይጀምራል። ለምን ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ? አንዴ ከተቋረጠ ኮምፒውተሮቹ በሙሉ እንደገና ይነሳሉ፣ ወይም ተጣብቆ የነበረ ሪሌ ይለቅና ችግሩ ለጊዜው ይጠፋል። ያኔ የምትፈልጊው ነገር ከእጅሽ አመለጠ።

ከዚያ ጠብቂ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። መኪናዋ ስትዘጋ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ወዲያው አይተኙም። አንዳንዷ በጥቂት ደቂቃ ትተኛለች፣ አንዳንዷ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዷ አንድ ሰዓት ሊፈጅባት ይችላል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ሲረጋ ከ0.02 እስከ 0.05 አምፒር ከሆነ ጤነኛ ናት። ከዚያ በላይ ከቀረ የሚበላ ነገር አለ።

ሌላ ከመጀመርሽ በፊት ይህንንም ያዢ፦ ለክተሽ ስትጨርሺ ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳው መልሺ። አምፒር ላይ እንዳለ የባትሪ ቮልት ልለካ ብትዪ ባትሪውን በቀጥታ ሾርት ነው የምታደርጊው።

የማታ_ሹፌር፦

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፣ ተመሳሳይ ጉዳይ ስላለኝ ነው። እንዲህ ለካሁ፣ 0.03 ነው ያገኘሁት። ግን ባትሪው አንዳንዴ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ሳምንት ቆሞም ምንም አይሆንም። ደግሞ ገመዱን ሳንነቅል ዙሪያውን ነክሶ አምፒር የሚለካው ክላምፕ አይቀልም ወይ?

ቴስተር_በእጄ፦

ክላምፑ ይቀላል፣ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) የሚለካ ከሆነና አሥር አሥር ሚሊአምፒር ድረስ መለየት ከቻለ። ርካሾቹ ብዙዎቹ ኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈስ) ብቻ ናቸው፣ ባትሪ ላይ ዜሮ ነው የሚያሳዩት። ዲሲ የሚለካም ቢሆን ገመዱን ከመንከሱ በፊት ዜሮ አድርገው፣ በኔጌቲቩ በኩል ያሉትን ገመዶች በሙሉ በአንድ ላይ ይንከስ። ያንተ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፣ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ነው ያለህ። እመለስበታለሁ።

ቀይ_ገመድ፦

ለካሁ። ክሊፑን ሳጠብቅ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ ግን ሆነ። ሲጀምር 3 አምፒር አካባቢ አለ። ከዚያ ወደ 1.4 ወረደ። ከደቂቃዎች በኋላ 0.9። ከዚያ 0.68 ላይ ደረሰና ቆመ። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅሁ፣ 0.68 ነው። ንቅንቅ የለም።

መንገደኛ፦

0.68 በዛ! ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት 60 ሰዓት ገደማ ነው፣ በ0.68 ብታበዢው ወደ 41 አምፒር ሰዓት ይመጣል። ከ60ው ሁለት ሦስተኛውን በላው ማለት ነው። አንድ ሌሊት ሲሆን ግን 8 ገደማ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት የምትነሳልሽ። ሒሳቡ ልክ መጣ።

ባለ_ማጥፊያ፦

እንግዲህ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልሽ ቁጥሩን እዪ። የወረደ ጊዜ አገኘሽው።

ቴስተር_በእጄ፦

በድሮ መኪና ይሠራል። በአዲሶቹ ላይ ግን አልወደውም። ፊውዝ ስትነቅዪ አንዱ ኮምፒውተር ይጠፋል፣ ሌሎቹ "የት ሄደ?" ብለው ይነቃሉ፣ ቁጥሩ ይዘላል። ስትመልሺው ደግሞ እሱ ራሱ ይነቃል፣ እንደገና ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ሠላሳ ፊውዝ ካለሽ ቀኑ አለቀ።

ከዚህ የተሻለ አለ። ፊውዝ ሳትነቅዪ ሚሊቮልት ለኪ። ፊውዝ ውስጥ ያለችው ቀጭን ብረት ትንሽ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ መቋቋም) አላት፣ ኤሌክትሪክ ካለፈባት በሁለቱ ጫፎቿ መካከል ትንሽ ቮልት ይኖራል። ፊውዟ ጀርባ ላይ ሁለት ነጥብ የምታህል ብረት ገልጣ ታያታለሽ፣ ግራና ቀኝ። የተሠሩት ለዚሁ ለመለካት ነው። ቴስተሩን ዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርጊ፣ ሁለቱን ጫፎች ሁለቱ ነጥቦች ላይ ጫን አድርጊ። ዜሮ ካለ በዚያች ፊውዝ ምንም አያልፍም። ባለ 10 አምፒር ትንሿ ፊውዝ ላይ 1 ሚሊቮልት ካየሽ ከ100 እስከ 150 ሚሊአምፒር ገደማ እያለፈ ነው። ፊውዟ ትልቅ በሆነች ቁጥር ሬዚስታንሷ ያንሳል፣ ስለዚህ ለተመሳሳይ አምፒር የምታሳየው ሚሊቮልት ትንሽ ነው። ይህን አትርሺ።

ለዚህ አምፒር መለኪያው መገናኘት አያስፈልገውም። ገመዱ እንደታሰረ፣ መኪናዋ ከተኛች በኋላ ዝም ብለሽ ከፊውዝ ወደ ፊውዝ መሄድ ነው። ምንም አትቀሰቅሺም።

መጀመሪያ የቴፑን ፊውዝ እዪ። ከፋብሪካ ውጪ የተገጠመ ቴፕ ሁለት የኤሌክትሪክ ገመድ አለው፦ ቢጫው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለው፣ ትዝታውን የሚጠብቅለት፣ ቀዩ ደግሞ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የሚመጣ። አንዳንድ ገጣሚ ቀዩን የሚያስርበት ሲያጣ ከቢጫው ጋር ያያይዘዋል። ቴፑ ይጠፋል፣ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ውስጡ ግን ሙሉ በሙሉ አያርፍም። አምፕሊፋየር ካለም ሰማያዊና ነጭ መስመር ያላት ቀጭን ገመድ ናት የምታስነሳው፣ እሷ ኤሌክትሪክ ካልተቋረጠባት አምፕሊፋየሩ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያድራል።

ቀይ_ገመድ፦

ሁለቱንም ሳጥን ጨረስኩ፣ የውስጡንም የኮፈኑ ሥርም። የቴፑ 0.1 ሚሊቮልት፣ የሰዓቱና የማንቂያው 0.1፣ ሌሎቹ በሙሉ 0.0። ትንንሾቹ ውስጥ አንድም የሚያሳስብ የለም። 0.68 አምፒር በየት ነው የሚያልፈው ታዲያ? ኮፈን ሥር ያለችው ሳጥን ውስጥ በብሎን የታሰረች ባለ 100 አምፒር ትልቅ ፊውዝ አለች። እሷ ላይ 0.3 አየሁ። ደጋግሜ ለካሁ፣ ያው 0.3 ነው። ትንሽ ስለሆነ ልተወው ወይ?

የድሮ_ሞተር፦

ልጄ፣ እሷን አትተዪ። ባለ 100 ፊውዝ ላይ 0.3 ሚሊቮልት ትንሽ አይደለም። ቅድም እንደተነገረሽ ትልቅ ፊውዝ ሬዚስታንሷ በጣም ትንሽ ነው፣ 0.3 ለማሳየት ብዙ ኤሌክትሪክ ማለፍ አለበት። ክዳኑ ላይ ያለውን ሥዕል እዪው፣ ብዙ ጊዜ ባለ 100ዋ የዲናሞው ናት።

ዲናሞውን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም፣ ምክንያቱም ባትሪ የሚሞላ እንጂ የሚበላ አይመስልም። ግን ከጀርባው የሚወጣው ወፍራም ገመድ ሌት ተቀን ከባትሪው ጋር እንደተገናኘ ነው፣ ቁልፍ አይቆርጠውም። ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱት ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ናቸው። እነሱ ሲደክሙ ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ወደ ዲናሞው ይፈሳል። ትንንሾቹን ፊውዞች በሙሉ ብትነቅዪ ቁጥሩ አይወርድም፣ መንገዱ በእነሱ በኩል አይደለምና።

ዛሬ ማታ አቁሚያት። ጠዋት ሞተር ሳታስነሺ፣ ምንም ሳትነኪ፣ ኮፈኑን ክፈቺና እጅሽን መጀመሪያ ሞተሩ ላይ ከዚያ ዲናሞው ጀርባ ላይ አድርጊ። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ብረት ሁሉ አንድ ዓይነት መቀዝቀዝ አለበት። ዲናሞው ብቻ ለብ ካለ ነግሮሻል።

ሁለተኛው ምርመራ፦ ሞተሩን አስነሺ፣ የፊት መብራት አብሪ፣ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገሽ የባትሪውን ሁለት ራስ ለኪ። ደህና ዲናሞ ከ0.1 ቮልት በታች ነው የሚያሳየው። ከ0.5 ካለፈ ዳዮድ ተበላሽቷል። አንዳንድ ርካሽ ቴስተር ኤሲ ላይ ሆኖ ዲሲውን ጭምር ያነባል፣ 28 ምናምን ይልሻል። እንደዛ ካለ ገመዶቹን አቀያይረሽ እዪ፣ ቁጥሩ ፈጽሞ ከተለያየ ያ ቴስተር ለዚህ ሥራ አይታመንም።

የማታ_ሹፌር፦

ዲናሞው ቢበላሽ የባትሪው ቀይ መብራት ዳሽቦርድ ላይ አይበራም ነበር ወይ?

የድሮ_ሞተር፦

የግድ አይደለም። መብራቱ የሚበራው መሙላት ሲያቆም ነው። የሚያፈስ ዳዮድ ይዞም ሊሞላ ይችላል፣ ስትለኪው 14 ቮልት ታገኚና "ዲናሞው ጤነኛ ነው" ትያለሽ። ብዙዎች የሚያልፉት እዚህ ላይ ነው። ቮልት ብቻ ለክቶ ዲናሞን ነፃ ማውጣት አይቻልም። በአንዳንድ መኪና ላይ ግን ምልክት አለ፣ ቁልፍ ተነቅሎ ያ የባትሪ መብራት በጨለማ ውስጥ በጣም ደብዝዞ በርቶ ይታያል። ያን ካያችሁ ወደ ሌላ አትሂዱ።

ቀይ_ገመድ፦

ጋሼ፣ ለብ ብሏል! ሞተሩ በረዶ ነው፣ የመሪው ፓምፕም በረዶ ነው፣ ዲናሞው ጀርባ ላይ እጄን ሳሳርፍ ግን ሙቀት አለው። ብዙ አይደለም፣ ግን የማያጠራጥር ነው። ኤሲውን ለካሁት፣ 0.8 ቮልት። ገመዶቹን አቀያየርኩ፣ ያው 0.8 ነው። ሲሞላ ደግሞ 13.9 ዲሲ ነው የሚያሳየው፣ ለዚህ ነው ጋራዥ ውስጥ ማንም ያላየው። ዲናሞው ነው ብዬ ልውሰዳት ወይስ የቀረ ነገር አለ?

የድሮ_ሞተር፦

አንድ ማረጋገጫ ቀርቷል፣ ከገንዘብሽ በፊት አድርጊው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ሙሉ በሙሉ ንቀዪ። ይህን ሳታደርጊ ዲናሞው ጀርባ ላይ ቁልፍ እንዳታስገቢ፣ ያ ወፍራም ገመድ በቀጥታ የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፣ መፍቻሽ ከሞተሩ ብረት ጋር ከተነካካ እሳት ነው። ከነቀልሽ በኋላ የወፍራሙን ገመድ ነት ፍቺ፣ ገመዱን አውጪ፣ ጫፉን በፕላስተር በደንብ ጠቅልዪና ከብረት አርቂው። ትንሿንም ሶኬት ንቀዪ። አሁን አምፒር መለኪያውን እንደቀድሞው በኔጌቲቩ በኩል አስገቢ፣ መኪናዋ እስክትተኛ ጠብቂ። ቁጥሩ ከወረደ አለቀ። በዚህ ሁኔታ ሞተር አይነሳም፣ አደራ።

ቀይ_ገመድ፦

0.02። ተመልሼ መጣሁ፣ አሁንም 0.02። ገመዱን መልሼ ሳስረው 0.68 ሆነ። ሌላ ማስረጃ አያስፈልገኝም። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ በተለይ እርስዎ።

መንገደኛ፦

ደስ ይላል! ግን ዳዮዱን ምን አበላሸው? አዲስ ዲናሞ ገዝታ እንደገና እንዳይቃጠልባት ነው።

የድሮ_ሞተር፦

ዕድሜና ሙቀት ይበቁታል። ከዚያ ውጪ በኬብል ሲነሳ ቀይና ጥቁር ለአፍታ ከተቀያየረ ዳዮድ ወዲያው ይሄዳል። ሞተር እየሠራ ባትሪ መንቀል ሌላው ነው፣ "ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ ልየው" ብለው ኔጌቲቩን የሚነቅሉ አሉ፣ ቮልቱ ድንገት ዘሎ ዳዮዱንም ኮምፒውተሩንም ሊያቃጥል ይችላል። ይህን እንዳታስደርጊ። ፍጹም የወረደ ባትሪ በዲናሞ ለመሙላት መሞከርም ያስጨንቀዋል፣ ለረጅም ጊዜ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚጠይቀው ይግላል።

ሙሉ ዲናሞ መቀየር የግድ አይደለም። ዳዮዶቹ በአንድ ሳህን ላይ ነው ያሉት፣ ለብቻው የሚገኝ ከሆነ ይቀየራል። ሲፈታ ካርቦኖቹንና ኩሽኔታዎቹን አብሮ እንዲያይልሽ ንገሪው፣ ካርቦን ካለቀ ሁለት ጊዜ ማስፈታት ነው። ተገጥሞ ሲመጣ ኤሲውንና የቆመበትን አምፒር ራስሽ ለኪ፣ ሳትለኪ አትቀበዪ።

ቴስተር_በእጄ፦

የማታ_ሹፌር፣ አሁን ወዳንተ። 0.03 ያገኘኸው መኪናህ በተኛችበት ሰዓት ነው። ምናልባት የሆነ ነገር በሌሊት እየቀሰቀሳት ነው። ቴስተርህ ትልቁንና ትንሹን ቁጥር የሚመዘግብ ከሆነ እሱን ተጠቀም፣ ካልሆነ ስልክህን ስክሪኑ ላይ ደግነህ ለረጅም ሰዓት ቅረጽ። የሚዘልበትን ሰዓት ካወቅህ ግማሹን አገኘኸው። የሚቀሰቅሱ ነገሮች ብዙ ናቸው፦ የበር መቆለፊያ ውስጥ ያለች የተበላች ማብሪያ፣ ከመኪናው ብዙም ሳይርቅ የሚቀመጥ ቁልፍ፣ የተገጠመ መከታተያ። መሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ የሰካኸው ነገር አለ?

የማታ_ሹፌር፦

አለ። ኮዶችን በስልክ የሚያነብልኝ ትንሽ ብሉቱዝ መሣሪያ ነው፣ ተሰክቶ ነው የሚያድረው። አንዳንዴ ብቻ ነቅዬ አስቀምጠዋለሁ። ይሄን ያህል ይበላል እንዴ? መብራቷ እንኳ ትንሽ ናት።

ቴስተር_በእጄ፦

እሱ ራሱ የሚበላው ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ ጉዳቱ ሌላውን መቀስቀሱ ነው። የዚያ ሶኬት 16ኛዋ እግር ቁልፍ ቢነቀልም የባትሪ ኤሌክትሪክ አላት፣ ስለዚህ መሣሪያው መቼም አይጠፋም። አንዳንዶቹ በየጊዜው ለመኪናው ኮምፒውተሮች ጥያቄ ይልካሉ፣ እነሱም መልስ ለመስጠት ይነቃሉ። አንድ ጊዜ በነቁ ቁጥር እስኪተኙ ድረስ ብዙ አምፒር ይሄዳል። ስትለካስ ተሰክቶ ነበር?

የማታ_ሹፌር፦

አልነበረም፣ ከፊውዙ ሳጥን አጠገብ ስለሆነ እጄን እንዳይከለክለኝ ነቅዬው ነበር። አሁን ሰክቼ ስልኬን ደግኜ ተውኩት። ቪዲዮው ላይ 0.03 ይልና በየተወሰነ ጊዜ ከ1 አምፒር በላይ ይዘላል፣ ደቂቃዎች ቆይቶ ይወርዳል፣ እንደገና ይዘላል። ነቅዬው ደግሞ ቀረጽኩ፣ ጸጥ ብሎ 0.03 ላይ ነው። ከእንግዲህ ኮድ ሳነብ ብቻ ነው የምሰካው።

ቀይ_ገመድ፦

ዲናሞው ተሠርቶ መጣ። ሲፈታ ዳዮዶቹ ሁለቱ ወደ ኋላ እንደሚያፈሱ ቴስተር ላይ አሳዩኝ፣ ካርቦኖቹም አልቀው ስለነበር ተቀየሩ። ራሴ ለካሁ፦ ኤሲው 0.04፣ ሲሞላ 14.2፣ ቆማ ስትተኛ 0.02። ዓርብ አቁሜያት ሰኞ በአንድ ዙር ተነሳች። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ይሄ አዲሱ ባትሪ ይህን ሁሉ ጊዜ ባዶ ሲሆን ስለቆየ ተጎድቶ ይሆን? እንዴት ነው የማውቀው?

ቴስተር_በእጄ፦

ትንሽ ሳይጎዳ አይቀርም። የመኪና ባትሪ ለአጭር ጊዜ ብዙ ጉልበት እንዲሰጥ ነው የተሠራው፣ ባዶ መሆን አይወድም። በወረደበት ሲቆይ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጠነክራል፣ የሚይዘው መጠን ይቀንሳል። አሁን በቻርጀር በዝግታ፣ በ5 ወይም 6 አምፒር፣ እስኪሞላ ድረስ ሙዪው። ከዚያ አሳርፈሽ የሎድ መፈተሻ ያለው ሰው ጋ ውሰጂው። ባትሪው ላይ በተጻፈው የብርድ ማስነሻ አምፒር ግማሽ ለ15 ሰከንድ ይጫንበታል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ቮልቱ ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ከወረደ ዋስትናው ሳያልፍ ወደ ገዛሽበት መልሺው።